የአባ ገመቺስ ሕይወት በሕመም አልጋ ላይ ላሉ ሁሉ

በዚህ ዕትም ልናቀርብላችሁ ያሰብነው የአንድ ታላቅ አባት የሕይወት ታሪክ ነው። ነገር ግን ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት፣ ታሪኩን ፈልገን እንድናነብ ያነሣሣንን ምክንያት ልንገራችሁ።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት አንዱ፣ ከእኛው ጋር በዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ወንድማችን፣ ጽኑ ሕመም አግኝቶት ትምህርቱን አቋርጦ እዚሁ ነቀምቴ በወላጆቹ ቤት ተኝቷል። እኛም እንደ አገራችን ልማድ በየሰንበቱ ከጉባኤ በኋላ ተራ እየገባን እንጠይቀዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናውቀውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ደረደርንለት። አንዳችን ነገሩ ሁሉ ለበጎ ነው አልነው፤ ሌላችን እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል አልነው፤ ከእኛ ጋር የገባ አንድ ጠያቂ ደግሞ የተሰወረ ኃጢአት እንዳለበት ራሱን ይመርምር አለ። ወንድማችን ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማንና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ ያፈሉትን ቡና አንዳችም ሳንነጋገር ጠጥተን ወጣን።

በመንገድ ላይ ሳለን እኛ ከኢዮብ ወዳጆች በምን ተሻልን ብለን ራሳችንን ጠየቅን። እነርሱ እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። እኛ ግን ሰባት ደቂቃ እንኳ መታገሥ አልቻልንም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክር መስጠቱን ትተን፣ በየሰንበቱ ጥቂት ጥቂት የሚነገር አንድ ታሪክ ይዘን ለመሄድ ተስማማን። የመረጥነውም የኦነሲሞስ ነሲብን፣ ማለትም የአባ ገመቺስን ሕይወት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት እርሳቸው ራሳቸው ብዙ ያጡ፣ በጽኑ የታመሙ፣ በመጨረሻም በዚህችው በነቀምቴ ኖረው በዚህችው ያረፉ ሰው ስለሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የተነጠቀው ልጅ

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ አንድ ሕፃን ተወለደ። ወላጆቹ ሒካ ብለው ሰየሙት። ይህ ስም በኦሮምኛ የታሰረውን የሚፈታ፣ እንዲሁም ቃልን የሚተረጉም ማለት ነው። ይህን ስም ሲያወጡለት ልጁ ወደፊት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ሕፃኑ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። እንግዲህ ገና ከልጅነት ሳይወጣ አባትን በሞት፣ እናትንና አገርን በነጣቂዎች እጅ አጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ በስምንት ጌቶች ሥር አለፈ። በዚሁ የባርነት ጊዜ ነሲብ የሚል ስም ወጣለት። ነሲብ በዓረብኛ ዕጣ ወይም ድርሻ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛችንም አንድ ነገር በነሲብ ሆነ ስንል ያለ ሐሳብ፣ ያለ ምክንያት ሆነ ማለታችን ነው። የተሸጠ ልጅን ሕይወት ከዚህ ይልቅ አሳጥሮ የሚናገር ቃል እምብዛም አይገኝም።

በ1870 ልጁ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ይሠራ የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና በምጽዋ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስ የሚል ስምም ተሰጠው። በአዲስ ኪዳን ለፊልሞና የተጻፈውን አጭር መልእክት ያነበበ ሁሉ፣ ኦነሲሞስ ከጌታው ኮብልሎ እንደ ተወደደ ወንድም ወደ ቤት የተመለሰ ባሪያ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ነሲብ የሚለው የባርነት ስም ግን አልተሰረዘም፤ የአባት ስም ያህል ሆኖ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሮአቸው ቆየ።

ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በዮሐነሉንድ ሴሚናር ለአምስት ዓመት ተማሩ። ከተመለሱም በኋላ ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። ሐሳባቸው ግን አንድ ነበር፤ ይኸውም ወደ ተነጠቁበት ሕዝብ ተመልሰው በቋንቋው ማስተማር ነው።

በፋማካ የወደቀው መንገደኛ

በ1881 ጉዞ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ በደጋው በኩል የውጭ አገር ሰዎች እንዳያልፉ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ጓዛቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ዞሩ። ካርቱም ደርሰው ከዚያም ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዓባይ ከአገራችን ወጥቶ ወደሚፈስስበት ወገን ገሠገሡ። በመጨረሻም አሶሳ ደረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አሶሳ ከወለጋ ምን ያህል ትርቃለች? ከእኛ መካከል ቤተሰቦቻቸው በዚያ መንገድ ላይ ያሉ አሉ። ከነቀምቴ ተነሥቶ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ በኩል የሚያልፈው የአሶሳ መንገድ ነው። ባሕርን ተሻግረው፣ አምስት ዓመት ተምረው፣ በረሓ አቋርጠው የመጡት ሰው የአባቶቻቸው ቋንቋ ከሚነገርበት ምድር ደጃፍ ደረሱ ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። ጉዞው ወደ ኋላ ተመለሰና ፋማካ ወደምትባለው የሱዳን ቦታ ደረሰ። በዚያም ኦነሲሞስ በጽኑ ትኩሳት ታመው ወደቁ።

የቆላ ንዳድ ምን እንደ ሆነ ለወለጋ ሰው መንገር አያስፈልግም። ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የዲዴሳን ሸለቆ የተሻገረ፣ ወይም በዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አጥንትን ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያዞራል፣ ጎልማሳውን በአንድ ሌሊት እንደ ሕፃን ያደርገዋል። ኦነሲሞስ በዚያ አልጋ ላይ ሆነው ምን እንዳሰቡ እኛ አንጽፍም፤ በልባቸው አልነበርንምና። የሆነውን ግን እንናገራለን። የታመሙትን ይዘው ጓደኞቻቸው ወደ ኋላ ተጓዙ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ገቡ። በዚያው ወራት በሱዳን የማህዲ ዓመፅ እየተቀጣጠለ ነበር። ካርቱም ራሷ በጥር ወር 1885 በማህዲ እጅ ወደቀች። እንግዲህ ያ መንገድ በሕመም ብቻ ሳይሆን በጦርነትም ተዘጋ።

ይህን ክፍል ለወንድማችን በነገርነው ሰንበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ ጠየቀን። የጠየቀውም ለምን ታመሙ ብሎ አይደለም። ከዚያ በኋላ ምን ሠሩ ብሎ ነው። እኛ ሳምንቱን ሁሉ ለለምን መልስ ስናዘጋጅ ነበርና አፈርን።

ከተዘጋው መንገድ በኋላ

ኦነሲሞስ በምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ እምኩሉ ሚሲዮን ተመልሰው ድነው ተነሡ። መሄድ ስላልቻሉም ተቀመጡና መጻፍ ጀመሩ። እግራቸው ያልደረሰበት ቦታ መጽሐፍ እንዲደርስ ትርጉም ያዙ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ጉዞ ተደረገ። በዚህኛው ጉዞ እስከ እንጦጦ፣ እስከ ንጉሥ ምኒልክ ግቢ ድረስ ዘለቁ። ይሁን እንጂ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ምክንያት እንደገና ወደ እምኩሉ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በሁለት አቅጣጫ ሞክረው ሁለቱም ተዘጋ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ጉድለት ተገለጠላቸው፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከንዳዱ ይልቅ የሚያም ነው። በልጅነታቸው ስለ ተነጠቁ፣ የእናት ቋንቋቸውን በሙላት እንደማያውቁት ተገነዘቡ። ልጅ የሚያውቀው የልጅ ቋንቋ ነው። የሽማግሌዎችን ተረትና ምሳሌ፣ የሴቶችን እንጉርጉሮ፣ የሸንጎውን ንግግር የሚማረው ሲያድግ ነው። እርሳቸው ግን ያደጉት በምጽዋና በስዊድን ነበር። የስማቸው ትርጉም ተርጓሚ ሆኖ ሳለ፣ የሚተረጉሙበት ቃል አነሳቸው። ባርነት የወሰደባቸው እናትንና አገርን ብቻ አልነበረም።

ይህን ጉድለት ብቻቸውን ሊሞሉት አልቻሉም። የሞላችላቸው ደግሞ ሌላዋ የተነጠቀች ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ባሪያ ሆነች። በ1886 ለመሸጥ ወደ ዓረብ ምድር በጀልባ ስትወሰድ፣ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧትና በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ኦነሲሞስ ይህች ልጅ ለኦሮምኛ ልዩ ስጦታ እንዳላት ወዲያው አስተዋሉ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማሰባሰቡ ሥራም ለእርሷ ተሰጠ። አስቴር ከዚያ በኋላ ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አኖሩ። የጻፉትም ከማንም መጽሐፍ ገልብጠው ሳይሆን ከትዝታቸው ነው።

ከዚህ ኅብረት የወጣው ፍሬ የታወቀ ነው። በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ታተመ። በ1894 አስቴር ካሰባሰቧቸው ተረቶችና ምሳሌዎች ብዙዎቹ የገቡበት የጀማሪዎች ማንበቢያ ወጣ። በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር፤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል በሰፊው መጻፍ የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና። በትርጉሙ ሥራ የአስቴር ጋኖ ድርሻ ታላቅ ሆኖ ሳለ ስማቸው ለረጅም ጊዜ እንደሚገባው ሳይነሣ ቀርቷል። እኛ ግን የአንዱን ስም ብቻ ጽፈን ማለፍ አልወደድንም።

በእነዚህ የሥራ ዓመታት ሐዘን ከቤታቸው አልራቀም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምሕረት ቀድመዋቸው አረፉ። በኋላም በአስተማሪነት የታወቁትን ወይዘሮ ልድያ ዲምቦን አገቡ። መጽሐፉ ሐዘኑን አላስቀረውም፤ ሐዘኑም መጽሐፉን አላስቆመውም። ሁለቱ በአንድ ቤት ኖሩ።

ዝምታ በነቀምቴ

በ1904 ኦነሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ጋር በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ከተነጠቁበት ዓመት ቢቆጠር 35 ዓመት መሆኑ ነው። ከእርሳቸው አስቀድሞ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ዳባላ በ1898 ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር። በነቀምቴ ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ኦነሲሞስን በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። የደጃዝማቹ ግቢ ዛሬም በከተማችን ስላለ፣ በዚያ ባለፍን ቁጥር ይህን እናስታውሳለን።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በኦሮምኛ መስበካቸውና በደጃዝማቹ ዘንድ መወደዳቸው በአካባቢው ካህናት ዘንድ ቅሬታ አስነሣ። እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱና በግንቦት 1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲጋዙም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አስተውል። ሰውየው በሕይወታቸው ሙሉ የፈለጉት በዚህች ምድር፣ በዚህ ቋንቋ መናገር ነበር። ምድሪቱ ላይ ደረሱ፤ ቋንቋውም በእጃቸው ገባ፤ አፋቸው ግን ተዘጋ። በእኛ ዘንድ ይህ ከፋማካው አልጋ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ታየን። በፋማካ ሰውነት እንቢ አለ፤ በነቀምቴ ሕግ እንቢ አለ። እርሳቸውም የተከለከለውን እያሰቡ ያልተከለከለውን አልተዉም። በትምህርት ቤታቸው ልጆችን ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። የመጋዝ ሥጋት በላያቸው ላይ እያንዣበበ አሥር ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱም በኋላ ፈቃዱ ስላልተሻረ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰበኩ፣ መጻሕፍትንም አከፋፈሉ።

ሕዝቡ በዚህ ዘመን የሚጠራቸው አባ ገመቺስ ብሎ ነበር። ገመቺስ ደስ አሰኝ ማለት ነው። ሒካ ተብለው ተወለዱ፤ ነሲብ ተብለው ተሸጡ፤ ኦነሲሞስ ተብለው ተጠመቁ፤ አባ ገመቺስ ተብለው አረጁ። እሑድ ሰኔ 21 ቀን 1931፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ወደ 75 ዓመት በሚሆን ዕድሜያቸው በነቀምቴ አረፉ። አስቴር ጋኖ በነቀምቴ አስተማሪ ሆነው ብዙ ዘመን ከእርሳቸው በኋላ ኖረው በ1964 አረፉ። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ያለው ሴሚናር በኦነሲሞስ ነሲብ ስም ተሰይሟል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ስናዘጋጅ መደምደሚያችን ሌላ ነበር። ኦነሲሞስ በፋማካ ባይታመሙ ኖሮ ወደ እምኩሉ አይመለሱም ነበር፤ ወደ እምኩሉ ባይመለሱ አስቴርን አያገኙም ነበር፤ ስለዚህ ሕመሙ አስፈላጊ ነበረ ብለን ጽፈን ነበር። ነገሩ ያማረ መሰለን። ረቂቁን እንደ ልማዳችን ለወንድማችን ወስደን አነበብንለት። እርሱም ያን ዐረፍተ ነገር እንድንሰርዝ ነገረን።

ምክንያቱንም አስረዳን። እንዲህ ካላችሁ የአስቴር መሸጥም አስፈላጊ ነበር ልትሉ ነው አለን። የአንዲት ልጅ ከእናቷ መነጠቅ ለመጽሐፍ ሥራ ሲባል የተደረገ ነው ብትሉ፣ ባሪያ ፈንጋዩን የእግዚአብሔር አገልጋይ ታደርጉታላችሁ አለን። እኛም ብዙ ካሰብንበት በኋላ እውነቱ ከእርሱ ጋር መሆኑን ተቀበልን። ሁለት ልጆች መሸጣቸው ክፉ ነበር፤ ክፉ ሆኖም ይቀራል። ንዳዱም ንዳድ ነበር። ትርጉም ያለው ነገር የተገኘው በእነዚህ ውስጥ ተቀብሮ አይደለም። ሁለቱ የተጎዱ ሰዎች በተረፋቸው ኃይልና በተረፋቸው ቃል፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው በሠሩት ሥራ ነው የተገኘው። የእግዚአብሔር እጅም በነጣቂው ዘንድ ሳይሆን በእነርሱ ዘንድ እንደ ነበረች እናምናለን።

ከዚህም ሁለት ነገር ያዝን። አንደኛው፣ የታመመን ሰው ስንጠይቅ ሕመሙ ለምን እንደ መጣ ልንነግረው አንቸኩል። ይህን የመናገር ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም። ሁለተኛው፣ የታመመ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ይተርጉም አንልም፤ አንዳንዱ ሕመም ኃይልን ሁሉ ይወስዳልና። ነገር ግን የታመመ ሰው ማንም የማይፈልገው ሰው እንደ ሆነ እንዳይሰማው ማድረግ የእኛ የጤነኞቹ ሥራ ነው። ኦነሲሞስ ቃል በጎደላቸው ጊዜ አስቴርን ጠየቁ። እኛም ወደ ወንድማችን ስንሄድ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም እንሂድ።

ወንድማችን እስከዚህች ቀን ድረስ አልዳነም። ሐኪሞቹ ሕክምናውን አላቋረጡም፤ እኛም ጸሎታችንን አላቋረጥንም። ፈውሱን ከልባችን እንለምናለን፤ መቼ እንደሚሆን ግን አናውቅም። እስከዚያው ድረስ ይህን ጋዜጣ ከመባዛቱ በፊት የሚያነብና የሚያርም እርሱ ሆኗል። ብርታት ባገኘ ቀን ትራሱን ከፍ አድርገን ብዕሩን እንሰጠዋለን፤ ባላገኘ ቀን እኛ እያነበብን እርሱ በጣቱ አልጋውን መታ በማድረግ ስሕተታችንን ያመለክተናል። በዚህ ጽሑፍም ከላይ የነገርናችሁን ጨምሮ አራት ቦታ አርሞናል። የቀሩትን ሦስቱን አንነግራችሁም፤ ተማሪ ነንና ማፈራችን አይቀርም።

ጌታ በሕመምና በሐዘን ውስጥ ያላችሁትን ሁሉ ይጎብኛችሁ። ጠያቂዎቻችሁንም የሚሰማ ጆሮ ይስጣቸው። አሜን።